ቮልስ ወይስ ላዳ? ለአባትና ልጅ የሚሆን አሮጌ መኪና ለመግዛት ላሰበ

ልጄ 15 ዓመት በሞላው ሰሞን አብረን የምንሠራው አንድ የእጅ ሥራ እፈልግ ነበር። የባለቤቴ ወንድምም ለልጁ ያንኑ ያስብ ኖሯል። እኛ እ.ኤ.አ. በ1965 የተሠራች ባለ 1200 ሲሲ ሞተር ቮልስ ገዛን። እነርሱ ከታክሲነት የወጣች ላዳ ገዙ። ቤታችን የ10 ደቂቃ መንገድ ስለሚራራቅ፣ ሦስት ክረምት አንዳችን የሌላችንን ጉድ እያየን፣ ቡሎንና መፍቻ እየተዋዋስን አሳለፍን። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ መካኒክ አይደለሁም። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ከካቻቢቴና ከፒንሳ ያለፈ ዕቃ ቤቱ ለሌለው ገዢ ነው።

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጠው። ልጁ ከሥር መሠረቱ እንዲማር ከተፈለገና ጊዜ ካለ ቮልስ። እሑድ እሑድ እየነዱ በመሐል በመሐል መጠገን ከተፈለገ ላዳ። ፔጆ 404 የሚያምረው ሰውም አለ፤ እሱን ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ሞተር ማውረድ

የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው። በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር፣ የውሃ ፓምፕ፣ የውሃ ጎማ የሚባል ነገር የለውም። ከማርሽ ሳጥኑ ጋር የሚያያዘው በአራት ቦታ ብቻ ነው። የታችኞቹ ሁለት ዳዶዎች አያስቸግሩም። ሰው የሚፈትኑት የላይኞቹ ናቸው። በአሮጌዎቹ ቮልሶች ላይ አንዱ ሰው ከመኪናዋ ሥር በጀርባው ተኝቶ ቡሎኑን ሲፈታ፣ ሌላው ከላይ በሞተሩ ክፍል በኩል እጁን ከአየር ማራገቢያው ቤት ጀርባ አስገብቶ ዳዶውን መያዝ አለበት። በዓይን አይታይም፤ በዳሰሳ ነው።

የእኔ እጅ አልገባም። የልጄ ገባ። ከሥር ሆኜ እስኪደርስበት ስጠብቅ ዘይትና አሮጌ አፈር ፊቴ ላይ ይረግፍ ነበር። «ያዝኩት አባዬ፣ አሁን ፍታው» አለኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ትእዛዝ የምሰጠው እኔ ነበርኩ። ከ100 ኪሎ የማያንሰውን ሞተር ክሪክ ላይ ባስቀመጥናት ሳንቃ ቀስ አድርገን አወረድነው። በሁለተኛው ክረምት ደግመን ስናወርደው ከቁርስ እስከ ምሳ ባለው ጊዜ አለቀ።

ላዳ ሌላ ነገር ናት። ሞተሩ ከፊት ነው፤ የሚወጣውም ወደ ላይ ነው። ራዲያተሩ መፈታት፣ ማንሻ ሰንሰለት መምጣት፣ ሰንሰለቱን የሚሸከም ብረት መቆም አለበት። ስለዚህ ያ ሥራ ጋራዥ ሄደ፤ የባለቤቴ ወንድም ልጅም ቆሞ በስልኩ ቀረጸው። ነገር ግን ላዳዋን ማማት አይገባም፤ ሞተሯ እንዲህ ዓይነት ነገር የሚያስፈልገው ከስንት አንዴ ነው። የባልቮላ ክፍተት ማስተካከል፣ ካርቡራቶር ማጠብ፣ ካንዴላ መቀየር፣ የካምሻፍቱን ሰንሰለት ማጥበቅ፣ ይህ ሁሉ ኮፈኖ ከፍቶ ቆሞ የሚሠራ ነው። ወገብ ለሚያመው አባት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ባትሪ ሲደክም ደግሞ ከፊት በሚገባ የእጅ ማዞሪያ ብረት ማስነሳት ይቻላል። ልጆቹ ይህን ሲያዩ ከየትኛውም ነገር በላይ ተደሰቱ፤ የሰፈር ልጅ ሁሉ ተራ ይዞ ሞከረው።

ዝገት

ገንዘብ የሚበላው ሞተር አይደለም። ላሜራ ነው።

ቮልስ ከታች ወለሏና መሐል አጥንቷ ራሱን የቻለ አካል ነው፤ ቦዲው ከላይ በቡሎን ይታሰራል። ስለዚህ የበሰበሰውን የወለል ግማሽ ቆርጦ አዲስ መበየድ ይቻላል። መጀመሪያ የሚበሰብሰውም የታወቀ ቦታ ነው። ባትሪው የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ስለሆነ፣ ለዓመታት የተንጠባጠበ አሲድ ከሥሩ ያለውን ወለል ይበላል። የእኛን ወንበር ስናነሣ ጠጠሩ ታየን። ሌላው ከሁለቱ በሮች ሥር የሚያልፈው፣ የሞተሩን ሙቀት ወደ ውስጥ የሚያመጣው ባዶ ሳጥን ነው። ከውጭ ቀለም ተቀብቶ ደህና ይመስላል፤ በካቻቢቴ ጫፍ ሲወጉት እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። ቦዲውን ቀጥ አድርጎ የያዘው ይህ ሳጥን ስለሆነ የእሱ መበስበስ ተራ ዝገት አይደለም።

እዚህ ላይ የእኛን ጥፋት ልናገር። ያሠራነው በያጅ የበሩን ክፍት ቦታ በብረት ሳይደግፍ ሳጥኑን ቆርጦ አወጣው። እኔም አላወቅሁም፣ አልጠየቅሁም። ቦዲው በጥቂት ሚሊ ሜትር ሰመጠ፤ ከዚያ ወዲህ የግራው በር በትከሻ ካልተገፋ አይዘጋም። ሥራውን ለማን ቢሰጡ፣ ከመቆረጡ በፊት በበሩ ክፍተት ላይ አግድም ብረት መበየዱን ቆመው ይመልከቱ።

የላዳ ቦዲና ሻንሲ አንድ ላይ የተሠራ ነው። ላሜራዋ ወፈር ያለ ነው፤ ሶቪየቶቹ እ.ኤ.አ. በ1970 በቶሊያቲ ማምረት ሲጀምሩ የጣሊያኑን ፊያት 124 ወስደው ለክፉ መንገድ አጠናክረውታል፣ ከመሬትም ከፍ አድርገውታል። የኋላውን የዲስክ ፍሬን እንኳ ጭቃ እንዳያበላሸው ብለው በከበሮ ለውጠውታል። ከታክሲነት የወጣች ላዳ ግን ስንት ጊዜ እንደተመታች፣ በስቱኮ ስንት ጊዜ እንደተደፈነች ራሷ ብቻ ታውቀዋለች። የዘመዴ ላዳ የፊት ክንፍ ላይ ማግኔት ስናስጠጋ አልያዘም። ከሰማያዊው ቀለም ሥር የጣት ውፍረት ያለው ስቱኮ ተገኘ። ቢሆንም ክንፍ ሲበሰብስ ክንፍ ይቀየራል፤ ከኋላ ክንፍና ከወለሉ በቀር የላዳ ጥገና የቮልስን ያህል አያስጨንቅም።

ዳገቱና ከፍታው

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እንዲህ ባለ ከፍታ ካርቡራቶር ያለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ ያጣል። የእኛ ቮልስ ከፋብሪካ ስትወጣ 34 የፈረስ ጉልበት ነበራት፤ ከዚህ ሲቀነስ የሚቀረውን አንባቢ ያስላው። ወደ እንጦጦ ስንወጣ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ሆነን ከኋላችን የተሰለፈውን ሰልፍ በመስተዋት ላለማየት እሞክራለሁ። የመጀመሪያዋ ላዳ ባለ 1.2 ሊትር ሞተሯ 60 ገደማ የፈረስ ጉልበት አላት፤ ያው ዳገት ላይ ራዲዮ ከፍታ ታልፈናለች።

የሳሳ አየር ሌላም ጣጣ አለው። የሚቀዘቅዘው በአየር የሆነ ሞተር ከፍ ያለ ቦታ ላይ የሚያገኘው አየርም ያነሰ ነው። ስለዚህ በቮልስ ላይ የሞተሩን ክፍል ዙሪያ የሚዘጋው ጎማና ላሜራ በሙሉ መኖሩ የውበት ጉዳይ አይደለም። እሱ ከሌለ ማራገቢያው ከሥር የሚወጣውን የሞቀ አየር መልሶ ይስባል። ዘይቱም 2.5 ሊትር ብቻ ነው፤ ማጣሪያውም ተራ ወንፊት ስለሆነ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ሳይዘገዩ መቀየር ነው። ይህን ሥራ ሙሉ በሙሉ ለልጄ ሰጥቼዋለሁ፤ ቀኑን የሚጽፍበት ደብተር አለው። እኔ ብሆን ኖሮ እረሳዋለሁ።

መለዋወጫ

በዚህ ላዳ ታሸንፋለች ብዬ ነበር፤ አሁን እጠራጠራለሁ። ሶማሌ ተራ ሄዶ የላዳ ካርቡራቶር፣ ፍሪሲዮን፣ የፍሬን ዕቃ ማግኘት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ዓይነቱ እስከ 2012 እ.ኤ.አ. ድረስ ስለተመረተ አዲስም አሮጌም ዕቃ አለ። የቮልስ ዕቃ አዲስ አበባ ውስጥ በሰው በሰው ነው የሚገኘው፤ ባለ ቮልሶች እርስ በርስ ስለሚተዋወቁ አንዱ ጋር የሌለው ሌላው ጋር አይጠፋም። ይሁን እንጂ ከ21 ሚሊዮን በላይ የተመረተች መኪና ስለሆነች ዕቃዋ በውጭ አገር ዛሬም አዲስ ይሠራል። ዋሽንግተን ያለች እህቴ ለገና ስትመጣ ከሻንጣዋ ውስጥ የካርቡራቶር መጠገኛ፣ ፑንቲና፣ የሞተር ጋስኬት ሙሉ ስብስብ አወጣች፤ ሁሉም ተደምሮ ሁለት ኪሎ አልሞላም። ለላዳ እንዲህ የሚልክ ዘመድ ማግኘት ይከብዳል።

አንድ ነገር ሁለቱንም ያገኛቸዋል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ስለተከለከለ፣ ለዕቃ የሚፈርስ መኪና ከውጭ አመጣለሁ የሚል ሐሳብ አያዋጣም። ቦታ ያለው ሰው የማትሄድ ሁለተኛ መኪና እዚሁ ገዝቶ ጥግ ላይ ቢያቆም ይሻለዋል።

ማሻሻል ወይስ እንደነበረች መመለስ?

አባትና ልጅ የሚጣሉት እዚህ ነው። እኛም ተጣልተናል። እኔ መኪናዋ እንደ ተወለደች እንድትሆን እፈልጋለሁ፤ እሱ ሰፊ ቸርኬ፣ ዝቅ ያለ አቋም፣ የሚያጓራ ማርሚታ። የተስማማነው መመለስ የሚቻል ለውጥ እንዲደረግ፣ የሚቆረጥና የሚበሳ ነገር እንዲቀር ነው።

በዚህ መሠረት ቮልሷን ከ6 ቮልት ወደ 12 ቮልት አሳደግናት። ዲናሞው ከነመቆጣጠሪያው፣ ኮይሉ፣ አምፖሎቹ ሁሉና የዝናብ መጥረጊያው ሞተር መቀየር አለባቸው። ሞተሪኖው ግን ብዙ እስካላስጮኹት ድረስ የድሮው ይችላል። ማታ ማታ ከፊታችን ያለው መንገድ ታየን፤ ካደረግነው ሁሉ ይህን የሚያህል የለም። ሞተሯን ወደ 1600 እናሳድጋት የሚለውን ግን እንቢ አልኩ። በአራቱም ጎማ ከበሮ ፍሬን ያላት፣ የኋላ እግሯም ጥምዝ ላይ ወደ ውስጥ የመታጠፍ ጠባይ ያላት መኪና ናት። መጀመሪያ ፍሬኑ ይሻሻል፣ ጉልበቱ ከዚያ ይቀጥላል።

ላዳ ለማሻሻል የተመቸች ናት፤ ከእህቶቿ ዕቃ መበደር ትችላለችና። ከኋለኞቹ ሞዴሎች ባለ 1.6 ሞተርና ባለ አምስት ማርሽ ሳጥን ብዙ ሳይቸገሩ ይገባሉ። የፊት ፍሬኗም ከመጀመሪያው ዲስክ ነው። ዘመዴና ልጁ ባለ አምስት ማርሹን አስገብተው ወደ አዳማ ሲሄዱ ሞተሩ እንደ ድሮው አይጮኽም። ሞተር መቀየር ላሰበ ግን፦ ሊብሬው ላይ የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ስለተጻፈ፣ ለቦሎ ምርመራ ሲሄዱ ከመጨቃጨቅ አስቀድሞ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማመልከት ይሻላል።

ስለ 404 እና ስለ ሴይቼንቶ ጥቂት

ፔጆ 404ን ያየ ሰው ልቡ መሄዱ አይቀርም። ሐረር ውስጥ በታክሲነት ስትሠራ የኖረች፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ውድድር አራት ጊዜ ያሸነፈች ብርቱ መኪና ናት። ችግሩ ለጀማሪ የምትሆን አለመሆኗ ነው። የኋላው ዲፈረንሻል ከተለመደው የተለየ ጥምዝምዝ ጥርስ ያለው ነው፤ ሲያልቅ የሚያውቀውን መካኒክ መፈለግ ግድ ነው። ሐረር ወይም ድሬዳዋ ዘመድ ያለው ይሞክራት፤ ሌላው ይቆየው።

ሴይቼንቶ የምንላት ፊያት 600 ታምራለች። ነገር ግን ሞተሯና ራዲያተሯ ከኋላ ተጨናንቀው ስለተቀመጡ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቆሞ አይሠራባትም። ብቻውን ለሚሠራ ሰው ትሁን።

ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት

የሻንሲውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር በዓይንዎ ያስተያዩ። ቮልስ ላይ ቁጥሩ ከኋላ ወንበር ሥር በመሐል አጥንቱ ላይ ተመትቷል፤ ወንበሩን ሲያነሡ ያንን የባትሪ ቦታም አብረው ያያሉ። ባትሪው ክዳን ከሌለው፣ ከባድ ሰው ከኋላ ሲቀመጥ የወንበሩ ሽቦ የባትሪውን ጫፍ ነክቶ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል በዚያው ቀን ይሸፍኑት። ከካርቡራቶሩ ጋር የተያያዘውን የቤንዚን ጎማም፣ ደህና ቢመስልም፣ በዚያው ቀን ይቀይሩት። አሮጌ ቮልሶች የሚቃጠሉት አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ተነሥቶ ነው። ላዳ ከሆነች ማግኔት ይዘው ይሂዱ፤ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ እንዲያስነሡልዎ ይጠይቁ፤ ከፊት በኩል የሰንሰለት መንኳኳት ከሰሙ ዋጋ ለመቀነስ ጥሩ ምክንያት ነው።

ልጁንም ይውሰዱት። የእኔ ልጅ ሻጩና እኔ በዋጋ ስንከራከር መኪናዋ ሥር ገብቶ ነበር፤ ሲወጣ በጆሮዬ የነገረኝ ነገር የተስማማንበትን ዋጋ በእጅጉ ዝቅ አደረገው። ሸሚዙ ግን ከዚያ በኋላ አልጸዳም፤ እናቱ እስከ ዛሬ ትጠይቀኛለች።