ለአሮጌ ኮምፒውተር የሚሆን ብሮውዘርና የኢሜይል ፕሮግራም፦ ንጽጽር

ዊንዶውስ 7 በተጫነበት ላፕቶፕ ክሮምን የሚከፍት ሰው፣ ኮምፒውተሩ ከእንግዲህ ማሻሻያ እንደማያገኝ የሚነግር ማስታወቂያ ከገጹ አናት ላይ ያያል። ማስታወቂያውን ዘግቶ ሥራውን ቢቀጥልም በማግስቱ ያው ይጠብቀዋል። እያደር አንዳንድ ገጽ አልከፈት ይለዋል፣ አንዳንዱ ቅጽ ደግሞ ተሞልቶ ካለቀ በኋላ አልላክ ይላል። ብዙ ሰው ይህን የኢንተርኔቱ ድክመት ወይም የራሱ ስሕተት አድርጎ ይወስደዋል፤ ነገሩ ግን የብሮውዘሩ ዕድሜ ነው።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ ያቆመው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 14 ቀን 2020 ነው። ጎግል ሦስት ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ፣ በ2023 መጀመሪያ የወጣውን ክሮም 109 ለዊንዶውስ 7 እና ለ8.1 የመጨረሻው እትም አደረገው። ኤጅ፣ ኦፔራና ብሬቭም እንደ ክሮም ክሮሚየም በተባለው የጋራ መሠረት ላይ የተሠሩ ብሮውዘሮች በመሆናቸው በዚያው ሰሞን እነዚህን ዊንዶውሶች ትተዋል። ስለዚህ በዊንዶውስ 7 ላይ ከክሮም ሸሽቶ ወደ ኤጅ ወይም ወደ ኦፔራ የሚሄድ ሰው የሚያገኘው ያንኑ ያረጀ ነገር በሌላ ስም ነው።

ፋየርፎክስ ገጾችን በሚከፍትበት በራሱ ሞተር እንጂ በክሮሚየም የማይሠራ በመሆኑ መንገዱ ተለይቷል። ሞዚላ በጁላይ 2023 ያወጣውን 115ኛ እትም ለዊንዶውስ 7፣ 8 እና 8.1 የመጨረሻው ቢያደርገውም፣ ኢኤስአር በሚባለው የተራዘመ ድጋፍ ውስጥ አስገብቶታል፤ የማቋረጫውን ቀንም ከአንድ ጊዜ በላይ አራዝሟል። በዚህ እትም ላይ አዲስ አገልግሎት አይጨመርም፣ ድጋፉ እስካለ ድረስ ግን የደህንነት ቀዳዳ ሲገኝ ይደፈናል። በክሮም 109 ላይ ግን አዲስ የሚታወቅ ቀዳዳ ሳይደፈን ይቀራል። የባንክ ሒሳቡንና የኢሜይል የይለፍ ቃሉን በብሮውዘር ለሚያስገባ ሰው ይህ ልዩነት ከፍጥነትም ከመልክም ይበልጣል፤ በእኔ እምነት ምርጫው ያለ ጥርጥር ፋየርፎክስ ነው። ሱፐርሚየም የተባለው፣ አዲሱን ክሮሚየም በአሮጌ ዊንዶውስ ላይ የሚያስኬደው ፕሮግራምም ጥሩ ይሠራል፤ ነገር ግን የትልቅ ድርጅት ድጋፍ ስለሌለው በፋየርፎክስ አልከፈት ላለ ገጽ ብቻ በመጠባበቂያነት እንዲቀመጥ እመክራለሁ።

ዊንዶውስን መቀየር ለሚያስብ ሰው ሒሳቡ ሌላ ነው። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ለግለሰቦች የተፈቀደው የአንድ ዓመት የደህንነት ማራዘሚያም ተመዝግበው የሚያገኙት ነው። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደህንነት ክፍልና በአመዛኙ ከ2018 ወዲህ የወጣ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ አሮጌው ላፕቶፕ በደንቡ አይቀበለውም። 4 ጊጋባይት ራም ላለው ማሽን ሊኑክስ ሚንት በነጻ ተጭኖ፣ ወጪው ሃርድ ዲስኩን ኤስኤስዲ በተባለው ፈጣን ማከማቻ ለመተካት ቢውል ይሻላል። በሀገራችን ይህን የሚያግደው ብዙውን ጊዜ ፒችትሪ የተባለው የሒሳብ ፕሮግራም ነው፤ የሒሳብ መዝገባቸው በአሮጌው ፒችትሪ ላይ የተቀመጠ ቢሮዎች ዊንዶውስ 7ን መልቀቅ ይፈራሉ፣ ፍርሃታቸውም ተገቢ ነው። እንዲህ ላለው ቢሮ የሒሳቡን ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ለይቶ፣ ኢሜይሉንና ብሮውዘሩን በሌላ ማሽን ማድረግ ይበጃል።

ወደ ኢሜይሉ ስመጣ የማነሣው አንድ ያጋጠመን ነገር አለ። የታላቅ እህቴ ላፕቶፕ ተበላሽቶ ጥገና ቤት ገባና ፎርማት ተደርጎ ተመለሰ። ደብዳቤዎቿ ሁሉ በፖፕ ስልት ወደ ኮምፒውተሩ ከወረዱ በኋላ ከሰርቨሩ ላይ ይሰረዙ ስለነበር፣ የስድስት ዓመት የሥራ ደብዳቤ አብሮ ጠፋ። ባለሙያው ሰነዶቿንና ፎቶግራፎቿን በፍላሽ ገልብጦላት ነበር፤ ደብዳቤዎቹ በሌላ ፎልደር ውስጥ ተደብቀው እንደሚኖሩ ግን አልጠየቀም፣ እርስዋም አላወቀችም። ከዚያ ወዲህ አንድን የኢሜይል ፕሮግራም ስመዝን አስቀድሜ የምጠይቀው ደብዳቤው የት እንደሚቀመጥና በምን መንገድ እንደሚወጣ ነው።

ብዙ ሰው አማራጭ መፈለግ የጀመረው ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ ጋር ይመጣ የነበረውን ሜይል የተባለ ፕሮግራም በ2024 መጨረሻ አቋርጦ ተጠቃሚውን ወደ አዲሱ አውትሉክ ሲያዛውር ነው። አዲሱ አውትሉክ በነጻ ይገኛል፣ ለማስገባትም ቀላል ነው፤ የቢሮው ሥራ በሙሉ በማይክሮሶፍት 365 ለሚካሄድ ሰው ሌላ ፍለጋ ድካም ብቻ ይሆንበታል። ለሌላው ግን ሁለት ነገሮችን ማወቅ ይገባል። ደንበኝነት ያልከፈለ ሰው በደብዳቤዎቹ ዝርዝር መካከል ማስታወቂያ ያያል። ከዚህ የሚከብደው ደግሞ የጂሜይል ወይም የሌላ ድርጅት አካውንት ሲያስገቡ ደብዳቤዎቹ ወደ ማይክሮሶፍት ሰርቨር መገልበጣቸው ነው። ፕሮግራሙ ይህን አስቀድሞ ይናገራል፤ የደንበኞችን ምሥጢር የሚይዝ ጠበቃ ወይም ሐኪም ግን «ቀጥል» የሚለውን ከመጫኑ በፊት አንብቦ ሊወስን ይገባል።

ተንደርበርድ ከ2004 ጀምሮ ያለ፣ በነጻ የሚታደል፣ በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ደብዳቤው፣ አድራሻውና ቅንብሩ ሁሉ ፕሮፋይል በሚባል አንድ ፎልደር ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ ያን ፎልደር በፍላሽ ገልብጦ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ማዛወር ይቻላል፤ የእህቴን ደብዳቤ ያድን የነበረው ይህ ነው። ጉድለቱንም አልሸፍንም። በ2023 የወጣው 115ኛው እትም መልኩን ስለለወጠ የለመዱትን ቁልፍ ፈልገው ያጡ ብዙዎች ተማርረዋል፤ ያው እትም ለዊንዶውስ 7 እና ለ8.1 የመጨረሻው ሆኗል። በአዲሱ እትም የተከፈተ ፕሮፋይል በአሮጌው እሺ ብሎ ስለማይከፈትም፣ ከማሻሻል በፊት ፎልደሩን መገልበጥ ግዴታ ነው፤ ፋየርፎክስም በዚህ አንድ ነው።

ኢኤም ክላየንት በመልክና በአቀማመጥ አሮጌውን አውትሉክ ስለሚመስል ከዚያ ለሚመጣ ሰው አይከብድም፤ የቀን መቁጠሪያውም ከተንደርበርድ ይልቅ የተስተካከለ ነው። ነጻው እትም ግን ለግል ጥቅም ብቻ የተፈቀደና በሁለት አካውንት የተወሰነ ነው፤ ለቢሮ ሥራ ክፍያ ይጠይቃል፣ በሊኑክስ ላይም አይሠራም። በውጭ ምንዛሪ መክፈል ለሚቸግረው አንባቢ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጂሜይል የሚጠቀም ሰው በየትኛውም ፕሮግራም ቢሆን የተለመደው የይለፍ ቃል ተቀባይነት ሊያጣበት ይችላል። ጎግል ከሜይ 2022 መጨረሻ ጀምሮ ለግል አካውንቶች ስምና የይለፍ ቃልን ብቻ የሚልኩ ፕሮግራሞችን ስለከለከለ፣ የጎግልን የመግቢያ ገጽ የሚከፍት አዲስ ፕሮግራም ወይም ሁለት ደረጃ ማረጋገጫን አብርቶ የሚወጣ ልዩ የይለፍ ቃል ያስፈልጋል። ብዙዎች አሮጌውን የኢሜይል ፕሮግራም ተበላሸ ብለው የጣሉት በዚህ ምክንያት ነው።

በሞባይል ዳታ የሚጠቀም ሰው ተንደርበርድን ሲጭን አንድ ነገር ልብ ይበል። ደብዳቤውን በሰርቨሩ ላይ በሚተወው በአይማፕ ስልት ሲገባ ፕሮግራሙ ሳይጠይቅ በየፎልደሩ ያለውን ደብዳቤ ከነአባሪው ማውረድ ይጀምራል፤ ብዙ ዓመት የቆየ የጂሜይል ሳጥን ደግሞ አንድ ጥቅል በአንድ ሌሊት ሊጨርስ ይችላል። በአካውንቱ ቅንብር ውስጥ ማመሳሰያና ማከማቻ ከሚለው ክፍል ገብቶ የቅርቡን 30 ቀን ብቻ እንዲያወርድና ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነውን እንዲተው ማዘዝ ይቻላል። ለደብዳቤዎቹ ቅጂ የሚፈልግ ደግሞ ገደቡን ዋይፋይ ባለበት ቦታ አንሥቶ ሁሉንም ያውርድ።

በአማርኛ የሚጻጻፍ ሰው ሦስቱም ፕሮግራሞች ዩኒኮድን፣ ማለትም ፊደላት በየኮምፒውተሩ አንድ ሆነው የሚነበቡበትን ሥርዓት፣ ስለሚደግፉ አይቸገርም። ችግሩ የሚመጣው በአሮጌው ፓወር ግዕዝ ፎንት ከተጻፉ ሰነዶች ነው፤ እነዚህ ተገልብጠው በደብዳቤ ውስጥ ሲለጠፉ ለተቀባዩ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ሆነው ይደርሳሉ፣ ይህንንም ፕሮግራም መቀየር አያድነውም። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ወይ በዩኒኮድ እንደገና መጻፍ፣ ወይም በፒዲኤፍ አድርጎ ማያያዝ ያስፈልጋል።