ለእናቴ አንበሳውን መልሳ ላሳየቻት ባለሙያ

ይህን ጽሑፍ መጻፍ የነበረብኝ ዓምና ነበር፤ እናቴ «እስቲ በደንብ ልዳንና ከዚያ ትጽፋለህ» እያለች ስታዘገየኝ እስከ ዛሬ ቆየሁ። ሰሞኑን ግን ራሷ «ምነው ዝም አልክ? ያቺን ልጅ አመስግንልኝ እንጂ» ብላ ስለ ተቆጣችኝ፣ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምትኖሩ፣ በተለይም በስትሮክ የታመመ ወላጅ ቤታችሁ ላላችሁ ወገኖቼ ይህን ምስጋናና ጥቆማ አቀርባለሁ።

እናቴ የታመመችው በየካቲት 2016 ዓ.ም.፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አብራኝ በምትኖርበት ቤት ነው። ማለዳ ስትነሳ የፊቷ ግራ ጎን ወርዶ፣ ግራ እጇም ዝሎ ነበር። ቡና ልትጠጣ የመጣች ጎረቤታችን «ንፋስ መትቷት ነው፣ ሙቅ ነገር ስጧት» ስላለችንና እኔም ወደ ሥራ ስለ ቸኮልሁ፣ አምቡላንስ የጠራነው ከቀትር በኋላ ነው። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ሕመሙ ከጀመረ 4 ሰዓት ተኩል ሳያልፍ መሰጠት እንዳለበት የሰማሁት በዚያው ዕለት ማታ፣ ጊዜው ካለፈ በኋላ ነበር። ጎረቤታችንን አልወቅስም፤ ራሴን ግን እስካሁን እወቅሳለሁ።

ከሆስፒታል ወጥታ ቤት ስትገባ ንግግሯም፣ ሰው መለየቷም፣ ጸሎቷም እንደ ነበረ ስላገኘነው ተመስገን አልን። ውሎ ሲያድር ግን ግራ የሚያጋባ ነገር ማየት ጀመርን። ምሳ ሲቀርብላት ከትሪው በቀኝ በኩል ያለውን እንጀራ ብቻ በልታ «ጨርሻለሁ፣ ጨምሩልኝ» ትላለች፤ በግራ በኩል ያለው ወጥ ሳይነካ እንዳለ ተቀምጧል። ትሪውን ስናዞርላት «ይሄን ደግሞ አሁን ከየት አመጣችሁት?» ብላ ትገረማለች። በግራዋ ተቀምጠው እንደምን ዋልሽ ላሏት እንግዶች መልስ አትሰጥም፤ አንዲት ዘመዳችን «ታማ እንኳ ኮራች» ብላ ተቀይማ መሄዷን የሰማነው ከወራት በኋላ ነው። ዓይኗ ተመርምሮ ደህና ነው ተብሏል። የአንጎል ቀኝ ክፍል በስትሮክ ሲጎዳ በሽተኛው የግራውን ጎን ከነመኖሩ ሊዘነጋው እንደሚችልና ይህም በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ጉዳት መሆኑን በዚያን ጊዜ የነገረን ሰው አልነበረም።

እዚህ ላይ ምሬቴን ብገልጽ አንባቢ ይቅር ይበለኝ። ስሙን ወደማልጠቅሰው አንድ ቦታ በመጋቢት 27 ቀን ወሰድናትና የማስታወስና የማሰብ ችሎታዋን ለመመዘን ከ30 የሚታረም ፈተና ሰጧት። አስተርጓሚ እንዲመደብልን ብንጠይቅ «የልጅ ልጇ አለ አይደል?» ብለው የ13 ዓመት ልጄን አጠገቧ አስቀመጡት። የልጄ አማርኛ ደግሞ ከ«ና ብላ» ብዙም አያልፍም። ዓመቱን ሲጠይቋት «2016» አለች፤ ፈታኙ የሚጠብቀው 2024 ስለ ነበር ስህተት ብሎ ያዘባት። ቀኑን ሲጠይቋት «መጋቢት 27፣ መድኃኔ ዓለም ነዋ!» አለች፤ ከእኔ የተሻለ ታውቀው ነበር፤ እሱም ስህተት ተባለ። የሰዓት ሥዕል ሥለሽ 11 ሰዓት ከ10 ላይ አድርጊው ስትባል ቁጥሮቹን ሁሉ በክቡ ቀኝ ጎን አጭቃ አጭሩን ዘንግ 5 ላይ አሳረፈችው። ቤታችን ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር የሚሠራ ስለሆነ እናቴ ሁልጊዜ የምታነበው በተቃራኒው ያለውን ቁጥር ነው፤ ለእሷ 11 ሰዓት ማለት ዘንጉ 5 ላይ ሲያርፍ ነው። በመጨረሻ ከግራ ወደ ቀኝ የተደረደሩ የአንበሳ፣ የአውራሪስና የግመል ሥዕሎች አሳይተው ስማቸውን ጠየቋት። «አውራሪስ፣ ግመል» ብላ ዝም አለች። ፈታኙም አንበሳን እንደማታውቅ መዘገበ። የአንበሳ ራስ ያለበትን ሳንቲም ስትቆጥር የኖረች ሴት አንበሳ አታውቅም ተባለ! ከዚያም የመርሳት በሽታ ነው፣ ሥልጠና ብዙም አይጠቅማትም፣ የአረጋውያን መጦሪያ ብትፈልጉላት ይሻላል ብለው አሰናበቱን። ልጄ መኪና ውስጥ «አባዬ፣ እኔ ነኝ ያስወደቅኋት?» ሲለኝ የምመልሰው ጠፋኝ።

ቀጥሎ የሄድንበት ቦታ ደግሞ በሌላ መልኩ የከፋ ነበር። አንጎልን በማግኔት እናነቃቃለን፣ በ10 ቀን ውስጥ እንደ ድሮዋ እናደርጋታለን ብለው ገና ሳያዩዋት ቀብድ ተቀበሉን። ራሷ ውስጥ ብረት ይኑር፣ የሚጥል በሽታ ይነሳባት እንደሆነ የጠየቀን የለም። ኋላ እንደ ተረዳሁት እነዚህ ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ የነበረባቸው ጥያቄዎች ናቸው። ልቤ አልወደደውምና ጥለን ወጣን፤ ቀብዱም በዚያው ቀረ።

አሁን ወደማመሰግናት ባለሙያ ልምጣ። ከቤተ ክርስቲያን የማውቀው አንድ ወንድም፣ አባቱን እሷ ጋ አመላልሶ ስለ ነበር «እሷን ሳታይ ተስፋ አትቁረጥ» ብሎ ቀጠሮ አስያዘልኝ። ሥራዋ ሰው ከሕመም በኋላ መብላት መልበሱን፣ ቤት ውስጥ መንቀሳቀሱንና የለመደውን ሥራ መሥራቱን እንደገና እንዲችል ማሠልጠን ነው። ኢትዮጵያዊት አይደለችም። ሆኖም ገና ስንገባ ሙያው ያለው የአማርኛ አስተርጓሚ በስክሪን ላይ ቀርቦ ይጠብቀን ነበር። የፊተኛውን ፈተና ውጤት አንብባ ስታበቃ ቀና ብላ የጠየቀችኝ የመጀመሪያ ጥያቄ «እናትዎ የሚጠቀሙት የትኛውን የዘመን መቁጠሪያ ነው?» የሚል ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። በስልኳ የእኛን መቁጠሪያ ከፍታ የእናቴን መልሶች አንድ በአንድ አመሳከረች፤ የሰዓቱንም ነገር ካስረዳኋት በኋላ የዘንጉን አቀማመጥ ትክክል ብላ፣ የቁጥሮቹን በአንድ ወገን መታጨቅ ግን ለብቻው ከበበችው።

ከዚያ ያንኑ የእንስሳት ሥዕል አወጣች። እናቴ እንደ ፊቱ «አውራሪስ፣ ግመል» አለች። ልጅቷ ምንም ሳትናገር ወረቀቱን በሁለት ጣቷ ይዛ ቀስ እያለች ወደ ቀኝ አንሸራተተችው። እናቴ ድንገት ሳቅ አለችና «ውይ አንበሳ! ይሄ ደግሞ የት ተደብቆ ነበር?» አለች። ባለሙያዋ ወደ እኔ ዞር ብላ በአስተርጓሚው በኩል «እናትዎ አልረሱም፤ የጠፋባቸው ግራው ነው። ይህ ደግሞ ልንሠራበት የምንችለው ነገር ነው» አለችኝ። ዕንባዬን መቆጣጠር አልቻልሁም። የእናቴን ሕመም ከአገሯ ልማድ ለይቶ ለማየት የፈጀው አንድ ጥያቄና አንዲት ወረቀት ብቻ ነበር።

እዚህም አንጎልን በማግኔት የማነቃቃት ሕክምና ይሰጥ ነበር፤ ስለ እሱ የነገሩን ከባለሙያዋ ጋር በዚያው ክፍል የሚሠሩት የነርቭ ሐኪም ናቸው። ሕክምናው አዲስ የመጣ ተአምር አለመሆኑን፣ በአንቶኒ ባርከር የተመሩ ተመራማሪዎች በእንግሊዟ ሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1985 በሰው አንጎል ላይ መሥራቱን ማሳየታቸውን፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም እ.ኤ.አ. በ2008 ለድብርት ሕክምና እንዲውል መፍቀዱን ከነገሩን በኋላ፣ ከስትሮክ በኋላ ለሚመጣ የትኩረትና የማሰብ ችግር ግን ገና በጥናት ላይ ያለ፣ ያልጸደቀ መንገድ ስለሆነ ኢንሹራንስ እንደማይከፍልልን አልሸሸጉንም። «ሊረዳት ይችላል፣ ላይረዳትም ይችላል፤ ብቻውን ደግሞ ዋጋ የለውም፤ የሚሠራው ከሥልጠናው ጋር ነው» አሉን። ያ ግልጽነታቸው ከፊተኞቹ የ10 ቀን ተስፋ ይልቅ ልቤን አሳረፈው። አሠራሩን ያስረዱኝ በሚዛን ምሳሌ ነበር፤ ሁለቱ የአንጎል ክፍሎች አንዱ ሌላውን እንደያዘ ይኖራሉ፣ ቀኙ ሲጎዳ ግራው ያለ ልክ ይከብድና ሚዛኑ ያዘነብላል፤ ማግኔቱ ጤነኛውን የግራ ክፍል ለጊዜው ቀለል በማድረግ የተጎዳው ቀኙ ትንፋሽ እንዲያገኝ ይሞክራል። ከዚህ ያለፈው ማብራሪያ ለእኔ አልገባኝም፣ ስለዚህ አልዘባርቅም። በሂሳቡ ላይ ቅናሽ አደረጉልን፤ የቀረውን እቁቤ ደርሶኝ ከፈልሁ።

ለሕክምናው በሰኔ ወር፣ በሳምንት 5 ቀን፣ ለ3 ሳምንት ተመላለስን። ማደንዘዣ የለውም፣ ሰውነትን የሚያንዘፈዝፍ የኤሌክትሪክ ሕክምናም አይደለም፤ ይህን የምለው ብዙ ሰው ሁለቱን እያምታታ ስለሚፈራ ነው። እናቴ ወንበር ላይ ተደግፋ፣ ጆሮዋ ውስጥ የድምፅ መከላከያ ተደርጎላት፣ ስምንት ቁጥር የሚመስል ጥምዝ መሣሪያ ራሷ ላይ ይደገንና በየሰከንዱ አንድ ጊዜ ጠቅ፣ ጠቅ ሲል 20 ደቂቃ ያህል ትቀመጣለች። የመጀመሪያው ቀን ኃይሉን ሲለኩ የቀኝ አውራ ጣቷ በራሱ ብድግ ሲል «በስመ አብ! ማን ነው የሚጎትተኝ?» ብላ ሁላችንንም አስቃናለች። ከአንገቷ ያለው የብረት መስቀል እንዲወልቅ ሲጠየቅ እናቴ ፊቷ ጠቆረ። ባለሙያዋ ማተቡ ክር ስለሆነ እንዲቆይ፣ መስቀሉ ብቻ እንዲፈታ አስደርጋ፣ ወስዳ እናቴ ልታየው በምትችልበት በቀኟ በኩል አስቀመጠችላት። ሌላው ሰው በግራዋ አስቀምጦት ቢሆን መስቀሌን ሰረቁኝ ብላ ሥራውን ሁሉ ታስፈርሰው ነበር። ከሕክምናው በኋላ ሁለት ቀን ቀላል ራስ ምታት ተሰምቷታል፤ ሌላ ጉዳት አላየንባትም።

ከማግኔቱ እንደ ተነሳች ሥልጠናው ይቀጥላል። በሁለተኛው ሳምንት ባለሙያዋ «እናትዎ ቤት ውስጥ ከሁሉ የሚወዱት ሥራ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ቡና ማፍላት አልኋት። በማግሥቱ ረከቦታችንን ከነሲኒው፣ ጀበናውንም ይዤ እንድመጣ አዘዘችኝ። በረከቦቱ ግራ ጫፍ ላይ ቀይ ሪባን አሠረችና፣ እናቴ ከመቅዳቷ በፊት ሪባኑን በዓይኗ ፈልጋ እንድታገኝና ከዚያ እንድትጀምር አስተማረቻት። ስድስት ሲኒ ነበር የተደረደረው። የመጀመሪያው ቀን በቀኝ ያሉትን ሦስቱን ብቻ ቀድታ ጀበናዋን አስቀመጠች። ልጅቷ ሁልጊዜ ሆን ብላ በእናቴ ግራ ትቀመጥ ስለ ነበር፣ ሰው ሁሉ ሲጠጣ እሷ ባዶ እጇን ትቆያለች፤ ቅር ሳይላት፣ ሳትቸኩል፣ «እማማ፣ ሪባኑስ?» ትላለች። «እማማ» የምትለውን ቃል ከአስተርጓሚው ነው የተማረችው። በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ ዕለት እናቴ አራቱን ቀድታ ጀበናዋን ልታስቀምጥ ስትል ቆም አለች፤ አንገቷን ቀስ ብላ ወደ ግራ አዞረች፤ ሪባኑን አየችው፤ ከዚያ ሁለቱን የቀሩ ሲኒዎች ሞላችና ከጫፍ ያለውን አንስታ «አንቺ ልጅ፣ ቡና ሳትጠጪ ነው እንዴ እስካሁን የቆየሽው?» ብላ ሰጠቻት። ልጅቷ ቡናውን ስትቀበል እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስኳር የሌለበትን መራራ ቡና ሳታጋምስ ጠጥታዋለች።

ዛሬ እናቴ ትሪውን ጠርጋ ትበላለች፤ ነጠላዋን በሁለቱም ትከሻዋ ታጣፋለች፤ ያቺ የተቀየመችው ዘመዳችንም ታርቃለች። ሲደክማት ግራዋን አሁንም ትስታለች፣ እጇም ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ሐኪሙ ራሳቸው፣ ከለውጡ ስንቱን ማግኔቱ፣ ስንቱን ሥልጠናው፣ ስንቱን ደግሞ ጊዜ እንዳመጣው ለይቶ መናገር እንደማይቻል ስለ ነገሩን፣ እኔም ወደ ማግኔት ሩጡ ብዬ አልጽፍም። የምለው ወደዚህች ባለሙያ ሂዱ ነው። ማግኔቱ ለእናንተ ሰው የማይሆን ከሆነም አይሆንም የሚሏችሁ ሰዎች ናቸውና ሂዱ።

ወላጃችሁን የትም ብትወስዱ ደግሞ አስተርጓሚ ሳይቀርብ ፈተና እንዳታስጀምሩ። እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ የሕክምና ተቋማት አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለባቸው፤ ለአደጋ ጊዜ ካልሆነ በቀር ሕፃን ልጅን ማስተርጎምም አይገባም። ይህን ባውቅ ኖሮ ልጄ ያን ዕለት ያን ሸክም አይሸከምም ነበር። ዓመተ ምሕረቱንና የሰዓት አቆጣጠራችንን በአንዲት ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ለፈታኙ ብትሰጡ ደግሞ ብዙ ጣጣ ይቀንስላችኋል።

ባለሙያዋ ስሟንና የምትሠራበትን ቦታ በአደባባይ እንዳልጽፍ አደራ ብላኛለች፤ መሥሪያ ቤቷ ስለማይፈቅድ ነው። የምትፈልጉ ሁሉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አድራሻዋን እሰጣችኋለሁ፣ የመጀመሪያው ቀን ላይ አብሬያችሁ መሄድም እችላለሁ። ከሥራ የምወጣው አምሽቼ ስለሆነ ስልክ የማነሳው ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር።