ሽፋኑ የኛ፣ ውስጡ የሌላ ሰው፦ በትዕዛዝ የሚያትም ድርጅት ከ8 ወር በኋላ

የአባቴን የልጅነት ማስታወሻ 156 ገጽ አድርጌ ካሳተምኩ 8 ወር ሆነኝ። አዲስ አበባ የጠየቅኩት ማተሚያ ቤት ከ1000 ኮፒ በታች አልቀበልም አለ። እኔ የምፈልገው ለዘመድ አዝማድ የሚሆን 60 ነው። ስለዚህ እዚሁ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቁጭ ብዬ፣ ሰው ባዘዘ ቁጥር አንድ አንድ እያተመ የሚልክ የኢንተርኔት ድርጅት መረጥኩ። ስሙን አልጠራም።

ጥሩውን ላስቀድም። ቅድሚያ ክፍያ የለም፤ ቤትም በካርቶን አይሞላም። ፊደል ከተሳሳተ ፋይሉን ቀይሮ መጫን ነው፤ ቀጣዩ ኮፒ ታርሞ ይወጣል። ወረቀቱ ክሬም ስለሆነ ዓይን አይወጋም። አባቴ ያለው አዲስ አበባ ነው፤ የመላኪያው ዋጋ ከመጽሐፉ ስለበለጠ የሱን በሰው ሻንጣ ላክሁለት።

ጣጣው የመጣው ከአማርኛው ነው። ቋንቋ ምረጡ በሚለው ዝርዝር ውስጥ አማርኛ የለም፤ «ሌላ» የሚል አለ። ፋይሉን ስጭን ሲስተሙ መለሰው። ፎንቱ ፒዲኤፉ ውስጥ ካልተካተተ ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ሊወጣ እንደሚችል አውቃለሁ። አካትቼዋለሁ፤ ይህንንም ጻፍኩላቸው። በ4 ደቂቃ መልስ መጣ፦ «እባክዎ ፎንትዎን ያካትቱ።» ደግሜ ጻፍኩ። ያችው ዓረፍተ ነገር በሌላ ሰው ስም ተመልሳ መጣች። ከአምስተኛው ኢሜይል በኋላ ያው ፋይል፣ አንዲት ነጥብ ሳይቀየር፣ አለፈ። ለምን እንዳለፈ የነገረኝ የለም።

ለፋሲካ 25 ኮፒ አዘዝኩ። ቤቱ በዘመድ ሞልቷል፣ ዶሮው ቀርቧል። አክስቴ መነጽሯን አድርጋ አንዱን ገለጠች። ትንሽ ዝም አለችና፣ «ልጄ፣ ወንድሜ እንግሊዝኛ መቼ ነው የተማረው?» አለችኝ። ሽፋኑ የኛ ነው፤ ውስጡ የሌላ ሰው የአመጋገብ መጽሐፍ! ሌሎቹን ስንፈትሽ 3 እንደዚያው ሆነው ተገኙ።

ፎቶ ላክሁ። የትዕዛዝ ቁጥር ጠየቁ፤ የኢሜይሉ ርዕስ ላይ ተጽፏል። ቀጥሎ የባርኮዱን ፎቶ አሉ። ቀጥሎ የመጣበትን ካርቶን ፎቶ። ካርቶኑን የፋሲካ ዕለት ከእንቁላል ቅርፊቱ ጋር ጥዬዋለሁ። ከ3 ሳምንት ንትርክ በኋላ መጽሐፎቹን ተኩልኝ፤ የመላኪያውን ግን እኔው ከፈልኩ።

አሁን የአባቴን ሁለተኛ ደብተር እየተየብኩ ነው። የምጭነውም እዚያው ነው፤ 60 ኮፒ የሚያትምልኝ ሌላ አላገኘሁም። ካርቶን ግን ከእንግዲህ አልጥልም።