ባለ 26 ሲሲ ቤንዚን ቅጠል መንፊያ በጎንደር ግቢ፦ ከጥቅምት እስከ ሰኔ

ይህ ግምገማ በተለያየ ስም የሚሸጠውን፣ ባለ 26 ሲሲ ቱ ስትሮክ ሞተር (ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ የሚገባበት)፣ በእጅ የሚያዝ ቅጠል መንፊያ ይመለከታል። መንፋትም መምጠጥም ይችላል፤ የመጠጠውን እየከተፈ ከረጢት ውስጥ ይከታል። የሠራው ግማሹ ድንጋይ ንጣፍ፣ ግማሹ ሰርዶ በሆነ፣ ዙሪያውን ባሕር ዛፍና ግራቪሊያ ባለበት ግቢ ነው። ለደረቅ ቅጠል፣ በተለይ በንጣፍ ላይ፣ ገንዘቡን ይመልሳል። ለታጨደ ሣር ግን አይሆንም። መምጠጫው ደግሞ ጭራሽ ባይኖረው ይሻል ነበር።

መጀመሪያ ከፍታውን እንይ፤ እዚህ ከተማ አብዛኛው ቅሬታ የሚመነጨው ከዚያ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ለዝቅተኛ ቦታ ተስተካክሎ የመጣ ካርቦራተር (ቤንዚንና አየር የሚደባልቀው ክፍል) ስሱ አየር ላይ ቤንዚን ያበዛል። ጭሱ ይወፍራል፣ ሙሉ ጋዝ ሲሰጠው ይንተባተባል፣ ካንዴላው ሲፈታ ጥቁርና እርጥብ ሆኖ ይወጣል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ "ሞተሩ ደከመ" ብሎ ያስቀምጠዋል፤ ወይ ካንዴላ እየደጋገመ ይገዛል። ደህናውን ሞተር እንዲህ መጣል ያሳዝናል። መፍትሔው ሞተሩን በደንብ ካሞቁ በኋላ፣ "ኤች" የሚል ምልክት ያለባትን የካርቦራተር ብሎን በቀጭን ካቻቢቴ ወደ ቀኝ ማዞር ነው፤ በአንድ ጊዜ ከአንድ ዙር አንድ ስምንተኛው አይበልጥም። ድምፁ ጥርት ሲል ይቁምና ትንሽ መልሶ ይላላ። ከዚያ ካለፈ ቤንዚኑ ያንሳል፤ ዘይቱም ከቤንዚኑ ጋር ስለሚገባ አብሮ ያንሳል፤ ፒስተኑ ግሎ ይጣበቃል። የተስተካከለ ሞተር ካንዴላ የቡና ቀለም ይይዛል፤ ክፍተቱ ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊሜትር ይሁን። ይኸው መሣሪያ ለሥራ ወደ ቆላው መተማ ከወረደ ብሎኗ ወደ ነበረችበት ትመለስ።

ካርቦራተሩ ቢስተካከልም የሚነፋው አየር ራሱ ስስ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀላል፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ፍጥነት ቢገኝ እንኳ ቅጠሉን የሚገፋው ኃይል በዚያው ልክ ይቀንሳል። ከዚህ የሚያመልጥ የለም፤ ባትሪም ሆነ በሶኬት የሚሠራ ያው ነው። ባትሪ ለሚያስቡ ደግሞ ስሌቱ ቀላል ነው፦ 36 ቮልት በ4 አምፔር ሰዓት ሲባዛ 144 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ 600 ዋት የሚስብ መንፊያ በዚያ 15 ደቂቃ አይሞላም። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ሁለተኛ ባትሪ ሳይገዙ አይታሰብም። ያቺ የኮምፒውተር አቧራ ማራገፊያ ተብላ የምትሸጠው ትንሿ የሶኬት መንፊያ ለበረንዳ ትበቃለች፤ ለግቢ አትሆንም።

የቤንዚንና የዘይት ድብልቁ፣ መመሪያው 40 ለ 1 የሚል ከሆነ፣ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 25 ሚሊ ሊትር የቱ ስትሮክ ዘይት ነው። በዓይን መገመት አይበጅም፤ ከፋርማሲ የሚገዛ ስሪንጅ ልክ ልኩን ይሰጣል። የመኪና ሞተር ዘይት ካንዴላ ያቆሽሻል፣ የጭስ ማውጫውንም በጥላሸት ይደፍናል። ከአንድ ወር በላይ የቆመ ድብልቅ አይጨመርበት።

ሥራው ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ይጀመር። ጤዛ የያዘ የባሕር ዛፍ ቅጠል ንጣፉ ላይ እንደ ቆዳ ይለጠፋል፤ ሙሉ ጋዝም አያነሳውም። ደግሞም አርባ አራቱ ታቦት ባሉበት ከተማ ቅዳሴ ሳይወጣ ይህን የሚያህል ጩኸት ማስነሳት ለጎረቤት አይገባም። ነፋሱን ከኋላ አድርጎ፣ የቱቦውን አፍ ከመሬት አንድ ክንድ አርቆና አጋድሞ መያዝ ነው። ወደ መሬት ቀጥ ብሎ ከተያዘ ቅጠሉን በየአቅጣጫው ይበትናል፣ አፈሩን ይቆፍራል። በኖራ የተገነባ አሮጌ አጥር አጠገብ ጋዙ ይቀነስ፤ የላላው ኖራ ከድንጋዩ መሐል ተፍቆ ይወጣል።

መምጠጫው ያሳዘነው በሦስት ምክንያት ነው። ጠጠር አብሮ ስለሚስብ የፕላስቲክ ማራገቢያው በሦስተኛው ወር ጠርዙ ተሸራረፈ፤ ከዚያ ወዲህ እጀታው ይንቀጠቀጣል። የግራቪሊያ ቅጠል እርስ በርሱ ተያይዞ የቱቦውን ክርን ይዘጋል። የባሕር ዛፉ ቅጠል ደግሞ እንጀራ የሚጋገርበት ነው፤ ሲደቅ ምጣድ ሥር ይታመቅና ከመንደድ ይልቅ ይጨሳል። ሙሉውን ቅጠል ነፍቶ፣ አፈሩን አራግፎ በማዳበሪያ ጆንያ መሙላት እጅግ ይሻላል።

ለታጨደ ሣር ሁነኛው መሣሪያ ሬክ፣ ማለትም ባለ ጥርሱ የሣር መሰብሰቢያ ነው። ሰርዶው ከቁመቱ ከሲሶው በላይ ካልታጨደ ቁርጥራጩ እዚያው ቢቀር መሬቱን ይመግባል፤ መሰብሰብ የሚያስፈልገው በመስከረም ረዝሞ ሲታጨድ ነው። ያን ጊዜ እርጥብና ከባድ ስለሆነ መንፊያው ጉብ ጉብ ያደርገዋል እንጂ አይወስደውም። ሬኩ የሽቦ ጥርሱ ሲጫኑት ተለጥጦ የሚመለስ ይሁን። እጀታውን ከእርጥብ ባሕር ዛፍ የሚያስገቡ አሉ፤ እንጨቱ ሲደርቅ ስለሚኮማተር በወሩ ራሱ ወልቆ ይወድቃል። የደረቀ እንጨት አስገብቶ በአንድ ብሎን ማሰር ነው። የተሰበሰበውን 2 በ3 ሜትር ሸራ ላይ ጎትቶ ማውጣት ከጋሪ ይፈጥናል። ለከብት የሚሰጥ ከሆነ በዚያው ቀን ይሰጥ፤ ማዳበሪያ ውስጥ ታምቆ ያደረ ሣር ይሞቅና ይሻግታል። ቤንዚን የነካው ግን አይሰጥ።

ከማራገቢያው ሌላ በዘጠኝ ወሩ የተበላሹት፦ የቤንዚን መሳቢያዋ ላስቲክ ተሰነጠቀች፣ የማስነሻው ገመድ መውጫው ላይ ተበልቶ ተበጠሰ፣ የከረጢቱ ዚፕ በአቧራ ነከሰ። ሦስቱም ርካሽ ናቸው። የአየር ማጣሪያው ስፖንጅ በበጋ በየአሥር ሰዓት ሥራ በሳሙና ታጥቦ በደንብ ይድረቅ፤ ይህ ከተዘነጋ ካርቦራተሩ የተስተካከለው ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

በግንቦት መጨረሻ፣ ዝናቡ ሳይከብድ፣ የመጨረሻው ሥራ አሸንዳው ነው። መሰላል ላይ ሆኖ መንፋት አደገኛ ስለሆነ ቅጠሉ በእጅ ይውጣ፤ መንፊያው ከታች የወደቀውን ይጥረግ። ከዚያ ታንኩን ባዶ አድርጎ ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ ማስኬድ ይገባል፤ ቤንዚን በካርቦራተሩ ውስጥ ከከረመ ስሷ የላስቲክ ሽፋን ትደርቃለች፣ በመስከረምም ገመዱ ቢጎተት ቢጎተት አይነሳም። የቱቦው አፍ በጨርቅ ተወትፎ ግድግዳ ላይ ይሰቀል፤ አይጥ ትገባበታለች።