ለሶፋዎ የትኛው ባስ ሼከር ይስማማል? ለባሕር ዳር ሳሎኖች የቀረበ ንጽጽር

በባሕር ዳር አዳዲስ ቤቶች የተለመደው ወለል በሲሚንቶ ላይ የተነጠፈ ሴራሚክ ስለሆነ፣ ሰብዉፈሩ (ወፍራሙን ዝቅተኛ ድምፅ የሚያወጣው ድምፅ ማጉያ) የቱንም ያህል ቢያጓራ ንዝረቱ በወለሉ በኩል ወደ ሶፋው እምብዛም አይደርስም። የእንጨት ወለል ባላቸው የውጭ አገር ቤቶች ሰብዉፈሩ ራሱ ወለሉን ስለሚያንቀጠቅጥ ተመልካቹ የፊልሙን ፍንዳታ በእግሩና በጀርባው ጭምር ያገኘዋል። እኛ ዘንድ ይህ ስሜት ይጎድላል፤ ጉድለቱን ድምፅ በመጨመር ለማካካስ መሞከር ደግሞ በኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ከጎረቤት ጋር መቀያየም ነው። ባስ ሼከር ከሶፋው ሥር ተጠብቆ የሚታሰር፣ እንደ ድምፅ ማጉያ ማግኔትና የመዳብ ጥቅል ያለው፣ ነገር ግን አየር በመግፋት ፈንታ ከባድ ነገር እያንቀሳቀሰ መቀመጫውን የሚያናውጥ መሣሪያ ነው። ስለዚህ ለሲሚንቶ ወለል ይበልጥ የሚያስፈልግ ዕቃ ነው ብዬ አምናለሁ።

በገበያው ላይ ካሉት ውስጥ ለቤት የሚሆኑት በሁለት ወገን ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ወገን ማግኔቱ በስፕሪንግ ላይ የተንጠለጠለበት ሲሆን፣ የታወቁት አውራ ኤኤስቲ-2ቢ-4 እና ዴይተን ኦዲዮ ቢኤስቲ-1 ናቸው። ሁለቱም 4 ኦም (ለኤሌክትሪክ ያላቸው የመቋቋም መጠን) ሲሆኑ 50 ዋት ይችላሉ። ትንሽ አምፕ (ሲግናሉን አጉልቶ ኃይል የሚሰጣቸው መሣሪያ) ይበቃቸዋል፣ ዋጋቸውም ከሁለተኛው ወገን እጅግ ዝቅ ይላል። ጉድለታቸው ከስፕሪንጉ ይመጣል፤ የአውራው ስፕሪንግ በ40 ኸርዝ (በሰከንድ 40 ንዝረት) አካባቢ ከሁሉ በላይ ስለሚነዝር፣ የሞተር ድምፅም ሆነ የሕንፃ መፍረስ፣ የከበሮ ምትም ሆነ ነጎድጓድ ወደ አንድ ዓይነት ንዝረት ያደላል። ከዚያ በታች ወርዶ 20 ኸርዝ አካባቢ ሲደርስ ኃይሉ ይደክማል፤ ከአቅሙ በላይ ሲገፋም በውስጡ እየተጋጨ ይንቋቋል። የ40 ኸርዙን ጉብታ ዝቅ የሚያደርግ ኢኳላይዘር (የቀጭኑንና የወፍራሙን ድምፅ መጠን ለየብቻ ማስተካከያ) በመካከል ማስገባት ግን ይህን ጠባይ በጉልህ ያርማል፤ ብዙ ገዢዎች ይህን ሳይሞክሩ መሣሪያውን መናቃቸው ያሳዝነኛል።

ሁለተኛው ወገን በትኪከር (ButtKicker) ኤልኤፍኢን የመሰለው ሲሆን፣ በውስጡ በማግኔት ኃይል ተንጠልጥሎ የሚመላለስ ከባድ ፒስተን አለው። ከ5 እስከ 200 ኸርዝ እንደሚሠራ አምራቹ ያስታውቃል፣ ቢያንስ የ400 ዋት አምፕም ይጠይቃል። ከ20 ኸርዝ በታች ያለውን፣ ጆሮ የማይለየውንና ሰውነት ብቻ የሚያውቀውን ዝግተኛ መናወጥ በእውነት የሚሰጠው ይህ ነው። ሙሉ ሶፋ በአንዱ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ነገር ግን መሣሪያው ራሱ ወደ 5 ኪሎ ስለሚመዝን፣ ከሥሩ የሚታሰርበት እንጨት ጠንካራ ካልሆነ ኃይሉ ሁሉ ሶፋውን ወደማላላት ይሄዳል።

እንግዲህ ምርጫውን የሚወስነው ከምርቱ ስም ይልቅ የሶፋው አሠራር ነው። በከተማችን አናጺ በዋንዛ ወይም በሌላ ደረቅ እንጨት የሠራው ሶፋ ንዝረትን በሚገባ ያስተላልፋል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ባለሦስት መቀመጫ ሶፋ ሁለት ባለ50 ዋት ሼከሮች ይበቃሉ፣ እኔም ለአብዛኛው ገዢ የምመክረው ይህንኑ ነው። በትኪከርን የምመክረው ከባድ የብረት ፍሬም ወይም ሪክላይነር (ጀርባው ወደ ኋላ የሚተኛ መቀመጫ) ላለውና ዝቅተኛውን ንዝረት ለይቶ ለሚፈልግ ነው። ፍሬሙ ቺፕውድ ከሆነ ግን ከሁለቱም በፊት ፍሬሙን ማጠናከር ይቀድማል፤ በተለይ ለጣና ዳርቻ በቀረበና እርጥበት በሚበዛበት ቤት ቺፕውድ እያበጠ ብሎን መያዝ ይሳነዋል። እኔ የመጀመሪያውን ሼከር ያሰርኩት ከሶፋዬ ሥር ባለ ስስ ኮምፔንሳቶ ላይ ነበር፤ ንዝረቱ ወደ ሰው ሳይደርስ ኮምፔንሳቶው ብቻ እንደ ከበሮ ይጮኽ ነበር። ከግራ ወደ ቀኝ በሚያልፈው ዋና ወጋግራ ላይ አዛውሬ ሳስረው ያው መሣሪያ ሌላ ዕቃ መሰለኝ።

ከዘመድ በኩል ከአሜሪካ የሚመጣን ሙሉ ኪት የሚጠብቅ ሰው በአምፑ ላይ የተጻፈውን ቮልት አስቀድሞ ያረጋግጥ። ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ አምፕ በእኛ 220 ቮልት ላይ ይቃጠላል፤ ቮልቱን የሚቀንስ ኮንቨርተር ማስገባት ይቻላል፣ የ400 ዋት አምፕን የሚሸከመው ግን ከባድና ውድ ነው። ስለዚህ ሼከሩን ብቻ አስመጥቶ አምፑን እዚሁ መግዛት ይሻላል። ሌላም ችግር አለ፤ የመብራት ኃይላችን 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ በገመድ የሚገባው የኤሌክትሪክ እርግርግታ ልክ ሼከሩ በሚበረታበት ክልል ላይ ያርፋል፣ ፊልሙ ጸጥ ባለ ጊዜም መቀመጫው ያለማቋረጥ ይነዝራል። ሪሲቨሩን (የፊልሙን ድምፅ ተቀብሎ ለድምፅ ማጉያዎቹ የሚያከፋፍለውን)፣ ሰብዉፈሩንና የሼከሩን አምፕ በአንድ ዲቫይደር ላይ መሰካት ብዙ ጊዜ ይህን ያስቀራል።

በተከላ ጊዜ ከሁሉ የሚበልጠው የሶፋው እግር ነው። እግሩ በቀጥታ ሴራሚኩን ከነካ ሼከሩ ሶፋውን ከወለሉ ጋር ሊያናውጥ ይታገላል፤ ከየእግሩ ሥር ወፍራምና ለስላሳ ጎማ ሲደረግ ግን ሶፋው ነፃ ሆኖ በትንሽ ኃይል ብዙ ይንቀሳቀሳል፣ ወደ ታችኛው ፎቅ የሚያልፈውም ይቀንሳል። ሁለት ባለ4 ኦም ሼከሮችን በአንድ የአምፕ መውጫ ላይ የሚያስር ሰው በተከታታይ አያይዞ 8 ኦም ያድርጋቸው፤ ጎን ለጎን ከተያያዙ 2 ኦም ስለሚሆኑ ብዙ አምፖች አይችሏቸውም። ሲግናሉ የሚወሰደው ከሪሲቨሩ የሰብዉፈር መውጫ፣ አንዱን መውጫ ለሰብዉፈሩና ለሼከሩ አምፕ በሚያካፍል መንታ ገመድ ሲሆን፣ የንግግር ድምፅ መቀመጫውን እንዳያሳክክ ከ80 ኸርዝ በላይ ያለውን በአምፑ ላይ መቁረጥ ያስፈልጋል፤ እኔ ወደ 50 አወርደዋለሁ።

ሪሲቨሩ በማይክሮፎን ራሱን ሲያስተካክል የሼከሩ አምፕ ጠፍቶ መቆየት አለበት። ሰብዉፈሩ ከተመልካቹ 3 ሜትር ቢርቅ ድምፁ ለመድረስ ወደ 9 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል፣ የሼከሩ ንዝረት ግን ወዲያው ይደርሳል፤ ስለዚህ ሪሲቨሩ ሁለተኛ የሰብዉፈር መውጫ ካለው፣ ሼከሩን በዚያ መውጫ አያይዞ ይህንኑ ያህል መዘግየት ቢሞሉበት ምቱና ድምፁ ይገጥማሉ። መጠኑን ከዜሮ ጀምሮ በዝግታ ከፍ ማድረግ፣ ንዝረቱ ከሶፋው እንደሚመጣ መታወቅ ሲጀምር ደግሞ ጥቂት መመለስ ነው። ከአንድ ወር በኋላ ሶፋውን ገልብጦ ብሎኖቹንና ዳዶዎቹን እንደገና ማጥበቅ ያስፈልጋል፣ ንዝረት ያላላቸዋልና።