ልብስ ውስጥ የሚደበቀው የጡት ወተት ፓምፕ ምን ያህል ይደበቃል?

ማለቡን ይደብቃል። ከማለቡ በፊትና በኋላ ያለውን ጣጣ ግን አይደብቅም። ወደ ሥራ ከተመለስኩ ወዲህ ይህ እቃ ከቦርሳዬ ጠፍቶ አያውቅም፣ ስለዚህ ጥላቻ የለኝም። ግን ማስታወቂያው ላይ ያለችው እናት ፈገግ ብላ እየተራመደች ታልባለች፣ ወተቱን የት እንደምትገለብጥና እቃውን የት እንደምታጥብ ማንም አያሳየንም።

ለማታውቁት፣ ሞተሩ፣ ባትሪውና ወተት ማጠራቀሚያው አንድ ላይ የተገጠሙበት ጎድጓዳ ሳህን የሚመስል ነገር ነው። ጡት ማስያዣ ውስጥ ይገባል። የሚንጠለጠል ጠርሙስም የሚጎተት ቱቦም የለውም።

በመልኩ እንጀምር። ጡት በደንብ ይገዝፋል። ጠበብ ያለ ቲሸርት ለብሳችሁ ማንም አያውቅብኝም ካላችሁ ራሳችሁን እየሸወዳችሁ ነው። ሰፋ ያለና ጠቆር ያለ ሸሚዝ ላይ ሻርፕ ወይም ጃኬት ጣል ሲደረግበት ግን ልብ የሚል ሰው የለም። አንዱን ጡት ብቻ ማለብ ነው የሚያስታውቀው፣ ግራና ቀኙ እኩል አይሆንማ። ከተቻለ ሁለቱን በአንዴ።

ድምፁን በተመለከተ "ፀጥ ያለ" የሚባለውን አትመኑ። ሰው በሚያወራበት ቢሮ ወይም መኪና ውስጥ አይሰማም። ጸጥ ባለ ስብሰባ ላይ ግን እዝ... እዝ... የሚለው ምት ይሰማል፣ አጠገብሽ ያለው ሰው ስልክሽ የሚንቀጠቀጥ መስሎት ያይሻል። እኔ ስብሰባ ላይ አላበራውም። ማይክ ዘግቼ በምከታተለው የኦንላይን ስብሰባ ላይ ግን ከዚህ የተሻለ እቃ የለም።

ትልቁ ሥራ መግጠሙ ነው። የጡቱ ጫፍ ፓምፑ ውስጥ ባለችው፣ ጫፉ በሚገባባት አጭር ቱቦ ልክ መሃል ካልገባ ይፈትጋል፣ ያማል፣ ወተቱም አይመጣም። ብዙዎቹ ከ24 ሚሊ ሜትር ቱቦ ጋር ነው የሚመጡት፣ ያ ደግሞ ለብዙ ሴት ይሰፋል። የጡት ጫፋችሁን ስፋት ለኩና ቱቦውን ጠበብ የሚያደርግ የሲሊኮን ማስገቢያ ግዙለት። ፊት ለፊቱ ግልጽ የሆነውን ፓምፕ ምረጡ፣ የምታደርጉትን ታያላችሁ። ይህንን ሁሉ ሰው መሃል ማድረግ አይቻልም፣ በሩ የሚዘጋ ክፍል ያስፈልጋል፣ መስታወት ካለው ደግሞ እሰየው።

ከዚያ ወተቱ እምቢ ሊል ይችላል። ወተት እንዲወርድ የሚያደርገው ኦክሲቶሲን የሚባለው ሆርሞን ነው፣ ሰው ሲጨነቅ ወይም ሲያፍር ደግሞ እሱ ይዘገያል። በሩ ይንኳኳ ይሆን እያላችሁ ስታልቡ የሚመጣው ጠብታ ነው። መጀመሪያ ፈጣንና ለስለስ ባለው ሞድ ጀምሩ፣ መውረድ ሲጀምር ወደ ዘገምተኛውና ጠንከር ወዳለው ቀይሩ። ጡቱን አሸት ማድረግና የልጅን ቪዲዮ ማየት ለእኔ ሠርቷል። ኃይሉን ጥግ ድረስ መጨመር ግን ቁስል እንጂ ወተት አይጨምርም። ጡቴን በደንብ ባዶ የሚያደርግልኝ አሁንም ቤት ያለው ትልቁ ፓምፕ ነው። በዚህ በትንሹ ብቻ ስቆይ ጡቴ ይቋጥራል፣ ስለዚህ ጠዋትና ማታ በትልቁ፣ መሃል ላይ በዚህ።

መፍሰሱን ሳልነግራችሁ አላልፍም። የወደቀ እስክሪብቶ ለማንሳት ጎንበስ ማለት ክልክል ነው! ብዙዎቹ የሚይዙት 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፣ ወተት የሚበዛላት እናት ቶሎ ትሞላዋለች፣ ከሞላ በኋላ የት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። ስታወጡትም መጀመሪያ አጥፉት፣ ትንሽ ወደ ፊት ዘንበል በሉ፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ከላይ በኩል ነቀል አድርጉት።

እጥበቱ ነው ያማረረኝ። ብዙ ትንንሽ ክፍል አለው፣ ስስ የሆነችው ቫልቭ ከተቀደደች ደግሞ መሳቡን ያቆማል፣ መለዋወጫ ያዙ። የሥራ ቦታ ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ በቀጥታ አይታጠብም፣ ለእሱ ብቻ የተለየ ሳህን ያስፈልጋል። እኔ ሁለት ሙሉ ስብስብ ገዝቼ ያገለገለውን በሚዘጋ ከረጢት ወደ ቤት እወስዳለሁ። ወጪው ይጨምራል፣ ግን መጸዳጃ ቤት ውስጥ ቆሞ ከማጠብ ገላገለኝ።

ወተቱን በተመለከተ፣ የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) እንደሚለው ትኩስ የታለበ ወተት እስከ 25 ዲግሪ ባለ ክፍል ውስጥ ቢበዛ ለ4 ሰዓት ይቆያል፣ በደንብ ከቀዘቀዘ የበረዶ ጥቅል ጋር ቅዝቃዜ በሚይዝ ቦርሳ 24 ሰዓት፣ በፍሪጅ 4 ቀን። ተራ የምሳ ቦርሳ የሚመስለውን ምረጡ፣ ማንም ከፍቶ አያይም። ወተቱን የጋራ ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ ለሚያሳቅቃት እናት ይህ ቦርሳ ከፓምፑ አይተናነስም።

ባትሪው ቀን መሃል ላይ ይሞታል፣ ስለዚህ ፓወር ባንክ። የእጅ ፓምፕም አብሮ ይኑር። ርካሽ ነው፣ ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል፣ ቻርጅም አይፈልግም፣ ጉዳቱ ልብስ ማንሳትና አንድ እጅ ማስያዙ ነው። በሩ የሚዘጋ ክፍል ያላት እናት ምናልባት እሱ ይበቃታል። ከሰው ጋር ተቀምጣ፣ መኪና ውስጥ ወይም ኮምፒውተር ላይ እየሠራች ማለብ ያለባት ግን ልብስ ውስጥ የሚገባውን ባለ ባትሪ ፓምፕ ትግዛ። ያገለገለ ግን አትግዙ፣ ወተት ሞተሩ ውስጥ ገብቶ ከሆነ በማጠብ አይወጣም።