ሱሉልታና አካባቢው መኪና ያላችሁ በሙሉ፣ ይሄን የመኪና ላሜራ ሰሪ ሰውዬ እወቁልኝ

ሰላም ጎረቤቶቼ። ይሄን መጻፍ የነበረብኝ ህዳር ላይ ነበር ግን "ቆይ የሰሩልኝን ጣራ ዝናብ ይፈትነው" ብዬ አፌን ይዤ ከረምኩ። በልጉ ዘነበ፣ ሚያዝያም ዘነበ፣ አሁን ሰኔ ገብቶ የእንጦጦ ሰማይ እንደምታዩት ጠቁሮ ነው የሚውለው፣ ሚኒባሴ ውስጥ ግን ጠብ ያለ ነገር የለም። አንዲት ጠብታ! ስለዚህ አሁን አፍ ሞልቼ ማውራት እችላለሁ።

መኪናዋን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ፣ አምስት ኤል ናት፣ የአባቴ። አባቴ ነፍሱን ይማረውና ከአዲሱ ገበያ ሱሉልታ እየተመላለሰ እኛን አራት ልጆች ያሳደገባት ናት። እሱ ሲያርፍ ወንድሞቼ "እንሽጣትና እንካፈል" ሲሉ እኔ ድርሻቸውን ቀስ እያልኩ እከፍላለሁ ብዬ ያዝኳትና የተማሪ ሰርቪስ ጀመርኩ። ሴት ልጅ ሚኒባስ ትነዳለች እንዴ ያላችሁኝም አላችሁ፣ አልረሳኋችሁም ሃሃ። ዕድሜዋ ከኔ ብዙም አያንስም፣ ሞተሯ ግን እስካሁን እግዚአብሔር ይመስገን።

አምና ሰኔ፣ ፈተና ሰሞን ነው፣ ጠዋት ልጆቹን ጭኜ ወደ አዲሱ ገበያ ስወርድ ያ የምታውቁት ዝናብ ወረደ። ድንገት በስፖኪዮ ወደ ኋላ ሳይ አንዷ የ6 አመት ልጅ መኪናው ውስጥ ጃንጥላ ዘርግታ ተቀምጣለች። "ምነው ማሚዬ?" ስላት "እትዬ ደብተሬ እንዳይረጥብ ነው" አለችኝ፣ ኮስተር ብላ። ሌሎቹ ይስቃሉ። እኔ ግን ያን ቀን መሪ ይዤ አለቀስኩ ብላችሁ ታምናላችሁ? ጣራው ከጎን ጋር የሚገጥምበት ቦታ ላይ ፖርቶመጋላው (የጣራው ዕቃ መጫኛ) ከተነሳ ጀምሮ ውሃ ያስገባል፣ እኔ ደግሞ ትንሽ እርጥበት እንጂ እንደዚህ መሆኑን አላወቅኩም ነበር።

ከዛ መከራዬ ጀመረ። የመጀመሪያው ጋራዥ የት እንደሆነ አልናገርም፣ የሰውን እንጀራ መዝጋት አልፈልግም፣ ግን እዛ ያየሁትን ለማንም አልመኝም። ገና ስገባ "ባልሽን ወይ ወንድምሽን ላኪው፣ ለሱ እናስረዳዋለን" አሉኝ። የምነዳው እኔ፣ የምከፍለው እኔ! እሺ ብዬ ዋጥ አድርጌ መኪናዋን ተውኩላቸው። ሶስት ቀን ብለው አስራ አንድ ቀን አስቀመጧት። ሲሊከን የሚባለውን መድፈኛ እንደ ቅቤ ለድፈውበት ላዩን ቀለም ቀብተው ሰጡኝ፣ ሲያዩት ያምራል። መስከረም ላይ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ፣ ውሃውም እንደ ድሮው። ስመለስ "እኛ ጋ ሲወጣ ደህና ነበር" አሉኝ። ለማጽናኛ ይመስለኛል አንዱ ልጅ የተረፈ ቲነር (ቀለም ማቅጠኛ) በሃይላንድ ሞልቶ "ጠብ ጠብ ያለውን ቀለም ጥረጊበት" ብሎ ሰጠኝ። ይቺን ሃይላንድ ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ሁለተኛው ደግሞ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው። ማለዳ ነው የሄድኩት፣ ሳሩ ላይ ውርጩ ነጭ ሆኖ ገና አልቀለጠም። የሚሰራው ልጅ ያንን እንደ ጥርስ ሳሙና የሚጨመቅ መድፈኛ፣ ቱቦውን፣ ሌሊቱን ሙሉ ካደረበት ከመሬት ላይ አንስቶ መጭመቂያ ሽጉጡ ላይ ከተተው። አንድ እጁ ላይ ሲጋራ፣ እግሩ ስር ክፍት የቲነር ጣሳ፣ እኔ ራቅ ብዬ "ኧረ እባክህ" እላለሁ። ሲጨምቀው የወጣው ነገር ተቆራርጦ ውሃው ለብቻ ጓሉ ለብቻ ሆነ። "እንዲህ ነው እንዴ የሚሆነው?" ስለው "እናት አንቺ መንዳቱን ንጂ" አለኝ። በባዶ ጣቱ ዳመጠው፣ ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ አለቀ። ሳምንት አልቆየም ተሰነጣጠቀ።

በቃ ተስፋ ቆረጥኩ። ጣራዋን በላስቲክ ሸፍኜ በገመድ አስሬ መስራት ጀመርኩ፣ በንፋስ ጊዜ የምታሰማውን ድምጽ የሰፈር ሰው ያውቀዋል። ሁለት ወላጆች ልጆቻቸውን አስወጡ፣ አልፈርድባቸውም። የዚያ ወር እቁቤን እንኳን የከፈልኩት ተበድሬ ነው።

ጎማ ሊሞላልኝ የሄድኩበት ጎሚስታ ነው ላስቲኩን አይቶ "እትዬ ይሄን ነገር እዚህ ጋሼ ጋ ለምን አትወስጂውም" ያለኝ። ወደ ጫንጮ መውጫ ላይ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለች ትንሽ ግቢ ናት፣ ታፔላ እንኳን የላትም። ከታጠበ ብዛት ቀለሙ የጠፋ ቱታ የለበሱ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያሰሩ ሽማግሌ ወጡ። እኔ ገና "ባለቤቴ..." ብዬ ልጀምር ስል (ለምዶብኛል በቃ፣ እንዳያባርሩኝ) "አንቺ አይደለሽ የምትነጂው? ነይ ውጪ እይው" ብለው መሰላል ያዙልኝ። ጣራው ላይ አብረን አየነው። በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉ፣ በጣታቸው ፈረፈሩት፣ አሸተቱት፣ ከዛ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

"ይሄ ነገር ከሽጉጡ ሲወጣ እንደ አይብ ተቆራርጦ ነበር?"

እዛ አልነበሩም እኮ! ማንም አልነገራቸውም! እኔ ደግሞ "አይብ" የምትለዋን ቃል እስክሰማ ድረስ ምን እንደሚመስል መናገር አቅቶኝ ነበር፣ ልክ ራሱ ነው፣ አሬራው የተለየ አይብ። "ውርጭ መቶታል" አሉኝ። ያ ልጅ የጨመቀው መድፈኛ አክሪሊክ ሲላንት ይባላል አሉ፣ ይሄኛው በውሃ የተሰራ ስለሆነ አንዴ ከበረደና ከረጋ በኋላ ቢሞቅም ቢቀልጥም አይመለስም፣ ሞቷል ማለት ነው። ስለ ሲሊከኑም ነገሩኝ፣ ሲሊከን ላይ ቀለም አይዝም፣ ለዛ ነው የተላጠው፣ አክሪሊኩ ግን ከደረቀ በኋላ ይቀባል። ሌላም ብዙ ነገሩኝ፣ ግማሹ አልገባኝም፣ ግን እንደ ሰው ቆመው ነገሩኝ። ለኔ።

ከዛ ሳጥናቸውን አሳዩኝ። የእንጨት ሳጥን ነው፣ ውስጡ ጆንያ የተነጠፈበት፣ ቱቦዎቹ አፋቸው ተከድኖ ተደርድረዋል። ቀን ቀን ጥላ ስር ያስቀምጡታል ምክንያቱም የቆርቆሮ ቤት እኩለ ቀን ላይ ምጣድ ነው፣ ማታ ማታ ደግሞ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ተሸክመው ወደ ቢሮዋቸው ያስገቡታል። እኔ ቆሜ ሳይ ህጻን ልጅ ከብርድ የሚያስገቡ ነው የመሰለኝ። ካርቶኑ ላይ ከ5 እስከ 25 ዲግሪ የሚል አለ፣ በጣታቸው አሳዩኝ፣ "ሱሉልታ ህዳር ላይ ሌሊት 5 ዲግሪ የት አለ?" ብለው ሳቁ። ቲነርና ቀለም ግን ከሱ ጋር አይገባም፣ ለብቻው ውጪ ነው ያለው፣ ከብየዳው በጣም ርቆ፣ ተቆልፎ። እኔ ፊት አንዱን ቱቦ አንስተው ቀኑን አዩና አልፎበታል ብለው ወደ ጎን ጣሉት። ያልተከፈተ ነው እኮ! ሌላው ቦታ ቢሆን መኪናዬ ላይ ነበር የሚያልቀው።

አሁን ወደዛች ሃይላንድ ልመለስ። ስራ ጀምረው የድሮውን ሲሊከን እየፋቁ በወሬ ወሬ "ሌላ ጋራዥ የሰጡሽ ነገር አለ?" አሉኝ። እኔ ምኑም ሳይመስለኝ "አዎ ቲነር በሃይላንድ ሰጥተውኛል፣ ቤት አለ" አልኳቸው። መፋቂያውን አስቀመጡት። "የት ነው ያለው?" ኩሽና። "ልጅ አለሽ?" አዎ፣ አራት አመቱ ነው። እንደዛ ሲቆጡ አላየኋቸውም ከዛም በኋላ አላየሁም። "ሂጂ! አሁኑኑ ሂጂና አምጪው፣ ስራው ይቆያል!" ብለው ባጃጅ ራሳቸው ጠርተው፣ ሂሳቡንም ራሳቸው ከፍለው አሳፈሩኝ።

ቤት ደርሼ ኩሽና ስገባ ሃይላንዷ ከመደርደሪያው ስር ከውሃ ሃይላንዶቹ ጋር ተደርድራለች። አራተኛ ናት ከግራ። መልኳ ያው ውሃ ነው፣ ክዳኗም ሰማያዊ። ልጄ ደግሞ ውሃ ሲጠማው ራሱ ነው አንስቶ የሚጠጣው፣ እንዲያውም "ጎበዝ" እያልኩ ያስለመድኩት እኔ ነኝ። እጄ ሲንቀጠቀጥ ክዳኗን ማጥበቅ አቃተኝ። እስካሁን ሌሊት ሌሊት ትዝ ይለኛል። ሃይላንዷን ወስጄ ስሰጣቸው ተቀብለው ወደ ቆርቆሮ ጣሳ ገለበጡት፣ ላዩ ላይ በቀይ ቀለም ቲነር ብለው ጻፉ፣ ባዶዋን ሃይላንድ ደግሞ ማንም አንስቶ ውሃ እንዳይቀዳባት በቢላ ለሁለት ቆርጠው ጣሏት። ከዛ ቁጣው ሁሉ ለቀቃቸውና "አይዞሽ ልጄ፣ ምንም አልሆነም፣ ተመስገን በይ" አሉኝ። እዛው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ ሻይ አስመጡልኝ። እኔ ሰውዬውን የማልረሳው ለጣራው ሳይሆን ለዚህ ነው። ለጣራው ከፍያለሁ። ለዚህ ምን ይከፈላል?

ስራውን በአጭሩ፣ ምክንያቱም አብዛኛው አልገባኝም። መጀመሪያ ዝገቱ ተጠርጎ የምትበየደው ተበየደች፣ ሲላንቱ ከተቀባ በኋላ እሳት ማስጠጋት የለም፣ ጭሱ ለሳንባ አይሆንም አሉ። ከዛ አንቲሩጂኒ (ዝገት መከላከያ ቀለም)፣ ከዛ ማድረቅ። በማግስቱ ጠዋት ሄጄ "ለምን አይጀመርም" ስል ጤዛው ገና ነው ብለው እስከ 4 ሰአት ድረስ ጸሃይ አስጠበቁኝ። ጓንት ሳያደርጉ ሲላንቱን አይነኩትም፣ አንዳንድ ሰው ቆዳው ያሳክከዋል ይላሉ፣ ረዳታቸውንም እንደዛው ነው የሚቆጡት። ልጁ መሃል ላይ በጓንቱ አይኑን ሲነካ ሁሉንም ጥለው ቧንቧ ስር ወስደው ሰአታቸውን እያዩ 15 ደቂቃ ሙሉ አሳጠቡት፣ ልጁ "በቃኝ ጋሼ" ይላል፣ እሳቸው "ገና 6 ነው" ይላሉ። ከዛ ደግሞ ጤና ጣቢያ ሄደህ ታይተህ ና ብለው ላኩት። የፈሰሰችውንም ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ጠረጓት፣ ከደረቀ በውሃ አይለቅም።

ማታ ላይ አለቀ ብዬ ቁልፍ ስጠይቅ አልሰጥም አሉኝ። "ነገ ጠዋት ልጆች ነው የምትጭኚው፣ ይደር፣ ሽታውም ይውጣ" ብለው በር መስኮቱን ሁሉ ከፍተው ራሳቸው ግቢው ውስጥ አደሩ። ሌሊት 11 ሰአት ስሄድ ጋቢ ለብሰው መኪናዋ አጠገብ ቁጭ ብለዋል። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ልጆቹን አድርሼ ተመልሼ ስመጣ፣ በደንብ እስኪደርቅ ጠብቀው ያደረጉትን ፈተና ላውራላችሁ፣ እሳቸው ባትሪ ይዘው ውስጥ ወለሉ ላይ በጀርባቸው ተኙ፣ እኔ መሰላል ላይ ሆኜ በጀሪካን ውሃ ጣራው ላይ አፈስሳለሁ። አንድ ጀሪካን፣ ሁለት፣ ሶስት። "ጨምሪ!" ይላሉ ከውስጥ። አራተኛው ላይ ወጡ፣ ቱታቸው ደረቅ ነው። ሌላው ጋ "እኛ ጋ ሲወጣ ደህና ነበር" ነው የተባልኩት እኮ፣ እዚህ ሰውየው ራሱ ስር ተኝቶ!

ሂሳቡ ከመጀመሪያው ጋራዥ ያነሰ ነው። የተረፈችውን ቱቦ ሲሰጡኝ እንኳን አፏን በሚስማር ደፍነው በላስቲክ አስረው "መኪና ውስጥ ጸሃይ ላይ አትተይው፣ ውጪም አታሳድሪው፣ ኩሽና ደግሞ እንዳላይ፣ ቁም ሳጥን ላይ፣ ከልጁ ቁመት በላይ" ብለው ነው። ቁም ሳጥን ላይ ናት። ከራሴም ቁመት በላይ።

ስማቸውን እዚህ አታውጪብኝ ስላሉኝ አላወጣም፣ በውስጥ ለጠየቀኝ ስልካቸውን እሰጣለሁ። ላሜራ የሚያሰራ፣ ውሃ የሚያስገባ መኪና ያለው፣ ሴት ሹፌሮች በተለይ፣ እባካችሁ ሌላ ቦታ ከመሄዳችሁ በፊት እሳቸው ጋ ሂዱ፣ እባካችሁ። በማለዳ ግን አትሂዱ፣ ጤዛ ሳይነሳ ቱቦ አይነኩም፣ ዝናብ ያለ ቀንም ይመልሷችኋል፣ እንዳትቀየሙ።

የጃንጥላዋ ልጅ እናት፣ ይሄን ካየሽው ጃንጥላዋ እኔ ጋ ናት። ከጥር ጀምሮ ኋላ ወንበር ስር ረስታታለች።